የሀሪሱ አውራ ጣት

ጅዳ ውስጥ፣ አስ-ሰፋ በሚባለው ሰፈር፣ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ የሚጠብቅ አንድ የወሎ ሰው ነበረ። እዚያ ዘበኛን ሀሪስ ይሉታል፤ እሱም የእናት ስሙ እስኪረሳ ድረስ በዚሁ ተጠራ።

በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተከራዮቹ ቁልፎች በየቁጥራቸው ተሰቅለው ነበር። አገሩ ለዕረፍት የሚሄድ ሁሉ ቁልፉን ለሀሪሱ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደህና የለበሰ ሰው መጣና «የአራተኛው ፎቅ ተከራይ ወንድም ነኝ፤ ቁልፉን ስጠኝ» አለው። ሀሪሱ ወንበር አቀረበለት፣ ሻይ ቀዳለት፣ ቁልፉን ግን አልሰጠውም። «ወንድምህ ይደውልልኝና እሰጥሃለሁ» አለ። ሰውዬው ተቆጣ፤ የትልልቅ ሰዎች ስም ጠራ፤ ከሥራ አስወጣሃለሁ ብሎ ዛተ። ሀሪሱ ሻዩን ደገመለት። ሰውዬው ብርጭቆውን ሳይነካ ወጣ።

ይህ ሀሪስ ከሚሴ ያሉ ልጆቹን የሚያያቸው በኢሞ ነበር። ስልኩ ላይ የሚሞላው ጥቅል ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቅበታል። የትንሿ ልጁ ፊት መሐል ላይ ቀጥ ይላል፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ «አባ፣ ትሰማኛለህ?» ስትል ብቻ ይሰማትና መልሱ ሳይደርሳት ይጠፋል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የቤት ኢንተርኔት ሊያስገባ አሰበ። ኤስቲሲ፣ ሞባይሊ፣ ዘይን፣ ሰላም፣ ሁሉም ጅዳ ውስጥ አሉ። ወደ አንዱ ሱቅ ገብቶ ጠየቀ። ሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ አየ፤ የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባውን ጠየቀው፤ የውሉን ዘመን፣ የወሩን ክፍያ፣ ጊዜው ሳይደርስ ቢያቋርጥ የሚከፍለውን አንድ በአንድ ነገረው። ሀሪሱ በልቡ ደመረ፤ ለልጆቹ የሚልከውንም ቀነሰ። «አስቤበት እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ቁልፉን በከለከለበት ዕለት ማታ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ ጥቁር ቦርሳ ያነገተ ወጣት በሩ ላይ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባቴ።»

አማርኛው የወሎ ነው። የሀሪሱ ልብ ገና በሰላምታው ተከፈተ።

«የቤት ኢንተርኔት ይፈልጋሉ ሲሉ ሰማሁ። ራውተሩ ይኸው። ሦስት ወር በነፃ፣ ከዚያ በወር 50 ሪያል። ውል የለ፣ አድራሻ የለ።»

«ሱቆቹ እንዲህ አላሉኝም።»

«እነሱ የሚሸጡልዎት በባሕር ሥር የሚመጣውን ነዋ! ሰሞኑን ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብል ተቆረጠ ሲባል አልሰሙም? የእኔው በአየር ነው የሚመጣው። አየርን ማን ይቆርጠዋል?»

ጊዜው በፈረንጆች መስከረም 2025 ነበርና የኬብሉ ወሬ እውነት ነው። ከጅዳ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ተቆርጠው ኢንተርኔቱ እስከ ሕንድና ፓኪስታን ድረስ ተንቀራፎ ነበር። በአየር መጣ የሚባለውም ቢሆን ከራውተሩ እስከ ማማው ድረስ ነው በአየር የሚሄደው፤ ከዚያ ወዲያ እሱም ባሕር የሚሻገረው በኬብል ነው። ይህን ግን ለሀሪሱ የነገረው አልነበረም። የወጣቱ ወሬ ግማሹ እውነት ስለነበር ሌላውም ግማሽ አብሮ ገባ።

«ታዲያ ከእኔ የምትፈልገው ምንድን ነው?»

«ምንም። ኢቃማዎን ልየውና አውራ ጣትዎን እዚህች ላይ።»

ከቦርሳው ትንሽ መስታወት ያላት ማሽን አወጣ። ሳዑዲ ውስጥ ከፈረንጆች 2016 ወዲህ ያለ ጣት አሻራ ሲም ካርድ እንደማይወጣ ሀሪሱ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገሩ ሕጋዊ መሰለው። ወጣቱ የየትኛው ኩባንያ ሠራተኛ እንደሆነ አልጠየቀም። የአገሩን ልጅ መታወቂያ መጠየቅ ነውር ሆኖ ታየው።

ጣቱን ጫነ።

«አላነበበም፣ አባቴ። የሥራ እጅ ነው፤ ይቸገራል። ይድገሙት።»

ሀሪሱ ጣቱን በጀለቢያው ጠርጎ ደገመ።

«አሁንም እምቢ አለ። አንዴ ብቻ፣ ጫን አድርገው።»

ሀሪሱ በተሰነጣጠቀው ጣቱ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀው፤ ለሦስተኛ ጊዜም ጫነ። ማሽኗ ጢጥ አለች። ወጣቱ ራውተሩን ሰካለት፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። በዚያች ሌሊት ሀሪሱ የትንሿን ልጁን ፊት ሙሉውን አየ፤ የወለቀውን ጥርሷን ሳይቀር አሳየችው። ወጣቱን መረቀው።

ሦስት ወር አለፈና ኢንተርኔቱ ጠፋ። ወጣቱ ገንዘብ ሊጠይቅ አልመጣም። ሀሪሱ ወደ አገሩ ገብቶ ይሆናል ብሎ ዱዓ አደረገለት፤ እሱም ወደ ስልኩ ጥቅል ተመለሰ።

መካ ውስጥ የእህቱ ልጅ አለች። ዐዚዚያ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ዐዚዚያ ከሚና አጠገብ ነውና ሐጅ በመጣ ቁጥር ኢሕራም የለበሰው ሕዝብ በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ ታያለች። እዚያው መካ የሚኖር ሰውም ያለ ፈቃድ ሐጅ ማድረግ አይችልም፤ በየዓመቱ ይለፈፋል፣ በየአደባባዩ ይለጠፋል። እሷም ለዘለቄታው አገሯ ከመግባቷ በፊት አንዴ ሐጅ ለማድረግ ተስላ ገንዘብ ታጠራቅም ነበር።

ሐጅ ሲቃረብ ከአንድ የሳዑዲ ቁጥር አንድ ሰው ደወለላት፤ ቀጥሎም ከዚያው ቁጥር በአማርኛ መልእክት መጣላት። በቅናሽ የሐጅ ፈቃድ አለ ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ አለው። ስትከፍተው ኑሱክ የሚባለው የሐጅ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ቁርጥ ነው። የድረ ገጹ አድራሻ በአንዲት ፊደል ይለያል፤ በችኮላ ማን ፊደል ይቆጥራል? የባንክ ካርዷን ቁጥር ጻፈች። ስልኳ ላይ የመጣላትንም ኮድ ጻፈች። ወዲያው 2,000 ሪያል ከሒሳቧ ወጣ፤ ገጹም ዳግመኛ አልተከፈተም።

እያለቀሰች ወደ አጎቷ ደወለች። ሀሪሱ ሌሊቱን አልተኛም። በማግስቱ ሌላ ሀሪስ በቦታው ተክቶ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማውን መንገድ በጋራ ታክሲ ሄዶ መካ ገባ። የእህቱን ልጅ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይዞታል።

«የድሃ ልጅ ደም የመጠጠ ሌባ!» አለ ለመርማሪው። «ቁጥሩ ይኸው። ባለቤቱን አውጡልኝ። ከነዘር ማንዘሩ አላህ ያጥፋው!»

መርማሪው ቁጥሩን ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባ። ቀጥሎ ለመዝገቡ ብሎ የሁለቱንም ኢቃማ ተቀበለ። ማሳያውን አየ። የሀሪሱን ኢቃማ አየ። ሀሪሱን አየ።

«ቁጥሩ ያንተ ነው» አለው።

«የእኔ ቁጥር ሌላ ነው፤ ይኸው ስልኬ።»

«ይሄም ያንተ ነው። በአሻራህ የወጣ ነው። ሦስት አሉህ።» ቀኑንና ሰዓቱን አነበበለት፤ ሦስቱም የወጡት አንድ ማታ ነው፣ በደቂቃዎች ልዩነት።

ሀሪሱ አውራ ጣቱን አየ። አንዱ ጭነት ራውተሩን አበራ። ሁለቱ ምን እንዳበሩ አሁን ገባው። ከአፉ የወጣው እርግማን ግን ወጥቷል፤ ትንሿ ልጁ ትዝ አለችውና «አስተግፊሩላህ!» እያለ ግንባሩን ያዘ።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕጉን ግን ነገረው። በፈረንጆች 2007 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ በሐሰተኛ ማንነት ወይም በማጭበርበር የሰው ገንዘብ የወሰደን እስከ 3 ዓመት ያስራል፣ እስከ 2 ሚሊዮን ሪያል ይቀጣል። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ክስሽን ትቀጥያለሽ?»

ልጅቷ ብዙ ቆየች። ከቁጥሩ ጋር በስልክ ተነጋግራ ስለነበር ድምፁን ታውቃለች።

«እቀጥላለሁ» አለች። «የደወለልኝ ግን ወጣት ነው። አጎቴ አይደለም። ይህንንም አብረህ ጻፈው።»

ጻፈው። ሀሪሱ ያን ሌሊት ጣቢያ አደረ፤ በማግስቱ አሠሪው (ከፊሉ) ዋስ ሆኖ አስወጣው። ሲጠሩት ለመቅረብ ፈረመ። ጉዳዩ ወራት ፈጀ፤ ወጣቱ አልተገኘም። ሀሪሱ ለልጅቷ በየወሩ 200 ሪያል ይሰጣት ጀመር። «አጎቴ፣ ተው» ብላ ለመነችው፤ አልተወም።

ከጣቢያ በወጣ ሳምንት ወደ መጀመሪያው ሱቅ ተመልሶ ሁለቱን ቁጥሮችና የሞተውን የራውተር ሲም አዘጋ። የቤት ኢንተርኔቱንም ጠየቀ። ሠራተኛው ውሉን አነበበለት፤ ያልገባውን አስደገመ። አሻራ ላይ ሲደርሱ ሠራተኛው «አልወሰደውም፤ ይድገሙት» አለ። ሀሪሱ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«የመጀመሪያው ምን እንደከፈተ መጀመሪያ አሳየኝ።»

«አባቴ፣ ሰልፍ አለ እኮ።»

«ይጠብቁኛ።»

ሠራተኛው ማሳያውን አዞረለት። ምንም አልተከፈተም ነበር። ያኔ ጣቱን ሰጠ። ክፍሉ ገብቶ ራውተሩ ሲተከል ደግሞ፣ ሳጥኑ ላይ ታትሞ የመጣውን የይለፍ ቃል ተከላውን የሠራው ልጅ ገና ሳይወጣ አስቀየረ።

በዚያ መንገድ ላይ ካሉት ሕንፃዎች ብዙዎቹን የሚጠብቁት የእሱው አገር ሰዎች ናቸው። ሀሪሱ ከዒሻ ሰላት በኋላ በየበራቸው ይዞር ጀመር። የመገናኛ፣ የሕዋና የቴክኖሎጂ ኮሚሽን «አርቃሚ» የሚባል አገልግሎት አለው፤ በስምህ የወጡትን የስልክ መስመሮች ይዘረዝርልሃል። ይህን ለአንድ ሰው ሲያስከፍት ግማሽ ሌሊት ይሄዳል፤ አንዱ ናፋዝ የሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ መግቢያው ጠፍቶበታል፣ አንዱ ማንበብ አይችልም፣ አንዱ «እኔ ምን አለኝና ይሰርቁኛል?» ይላል። የመጀመሪያው ሰው የራሱ ቁጥር ብቻ ነበረው። ሁለተኛውም እንዲሁ።

ሦስተኛው ባለ ሁለት ዲሽ ሕንፃ የሚጠብቅ የባቲ ሰው ነው። ቡና አቀረበለት፤ ጥግ ላይ ያለውን ራውተር በኩራት አሳየው። «ነፃ ነው» አለ። «አንድ የአገራችን ልጅ፣ አላህ ይስጠው።»

ሀሪሱ ቡናውን አስቀመጠ። «ጣትህን ስንት ጊዜ አስጫነህ?»

«ማሽኑ አላነብ ብሎ... እኔ እንጃ፣ አልቆጠርኩም።»

ስልኩን ተቀብሎ ከፈተለት። የባቲው ሰው አምስት ቁጥር ነበረው።