አሥራ አንድ ክር

ሴቻ ሰፈር የተወለደ ሕፃን ስድስት ሳምንት ሲሞላው ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ባለሙያዋ ጥቂት ፈሳሽ በጉንጩ በኩል ቀስ አድርጋ ታፈስለታለች፤ ፊቱን አጨማዶ ይውጣል። በዚያች ጉንጭ በማትሞላ ፈሳሽ ውስጥ ጉልበቱ የተዳከመ ሮታ ቫይረስ አለ። በአሥረኛው ሳምንት ይደገምለታል። አገራችን ይህን ክትባት የጀመረችው በ2006 ዓ.ም. ነው።

ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ አባያንና ጫሞን ያየ ሰው ፈጣሪን አመስግን ተብሎ አይነገረውም። እኔን ግን ከሐይቆቹ ይልቅ ይህ በዓይን የማይታይ ነገር ያንበረክከኛል። ቢበዛ የሚሊሜትርን አሥር ሺህኛ እጅ ያክላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ሜልቦርን ውስጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት አገኙት፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ መንኮራኩር ይመስላል። ሦስት ድርብ ልባስ፣ በውስጡ አሥራ አንድ የአርኤንኤ ክር። ያለው ይኸው ነው፤ እስትንፋስ እንኳ የለውም።

ሁለት ዓይነት ሮታ በአንድ ሕፃን አንጀት፣ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ክሮቻቸው ይቀላቀላሉ። የዶርዜ ሸማኔ ከሁለት ድውር እየሳበ አዲስ ጥለት እንደሚያወጣ፣ ከዚያች ሕዋስ የሚወጣውም ከሁለቱም የተለየ ነው። ጂ12 የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1987 ፊሊፒንስ ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ድምፁ ጠፋ። ሲመለስ ግን እስያን፣ አሜሪካን፣ አውሮፓንና አፍሪካን አዳረሰ፤ ኢትዮጵያም ደርሷል። ክንፍ ሳይኖረው፣ ባልታጠበ እጅ!

ልጇን ሮታ በሚያመጣው ተቅማጥና ትውከት ላጣች እናት ይህን ድንቅ ነው ብዬ አላወራላትም፤ አፌም አይደፍርም። ነገር ግን ያንኑ አንጀት የሠራው እጅ ምን እንዳኖረበት ተመልከቱ። ሮታ የሚያጠፋው በአንጀት ግድግዳ ላይ የቆሙትን የጥቃቅን ዘለላዎች ጫፍ ነው። ከሥራቸው አዲስ ሕዋስ ዘወትር ይወለዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ጫፍ ወጥቶ የሞተውን ይተካል። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ጨውና ስኳር አብረው የሚገቡበት፣ ውኃም ተከትሏቸው የሚያልፍበት በር በሕመሙ መካከል እንኳ ፈጽሞ አይዘጋም። ስሙ ይመስገን፣ ይህን በር ክፍት የተወ!

ሕይወት አድን የምንለው ኦ.አር.ኤስ. የሚያልፈው በዚሁ በር ነው። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል፤ በማንኪያ በማንኪያ ይሰጣል። ሕፃኑ ካስታወከ አሥር ደቂቃ ይጠበቅና እንደገና፣ ቀስ እየተባለ ይቀጠላል።