ቅነሳው ከማን ይጀምር?

በአንድ ቤት እህል ያነሰ እንደሆነ እናት መሶቡን እንዴት እንደምታብቃቃ ያላየ የለም። ቀድማ የምትቀንሰው ከራሷ ድርሻ ነው። ያም ካልበቃ ጉልበት ካላቸው ልጆቿ ትቀንሳለች። በጓዳ ለተኛው በሽተኛና በምድጃው ዳር ለተቀመጡት አያት የተመደበውን ግን አትነካም። ይህን ሥርዓት ያስተማራት ሕግ አዋቂ የለም፤ ትክክል መሆኑን የሚጠራጠር ልጅም በቤቱ ውስጥ አይገኝም። አገርም ሰፋ ያለች ቤት ናት፤ የአገር መሶብ በጀት ይባላል። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ከዚሁ የመነጨ ነው። የአገር መሶብ በጎደለ ጊዜ ቅነሳው ከማን ይጀምራል? ከማንስ ሊጀምር ይገባል?

ጥያቄውን ያነሣነው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ከተማችን ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ የምትገኝ ናት። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰልፈው የምናገኛቸው ሰዎች የማናውቃቸው እንግዶች አይደሉም። አንዳንዶቹ በዚሁ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አንዳንዶቹ እንጀራ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ እናቶች ናቸው። ሌሎቹም ዐይናቸውን ወይም እግራቸውን በሕመም፣ በሥራ ላይ አደጋ ወይም በጦርነት ያጡ ናቸው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጡ ጓደኞቻችንም የሚነግሩን ይህንኑ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን መርዳትና ማቋቋም የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ያመለክታል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ አጽድቃለች። ዳሩ ግን የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ አንድ ገደብ አለው፤ ይኸውም እንክብካቤው የሚደረገው የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን ነው የሚል ነው። ገደቡ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከሌለ ቦታ ማምጣት አይቻልምና። ነገር ግን አቅም ራሱን በራሱ አይመዝንም፤ ሚዛኑን የሚይዝ ሰው አለ። «አቅም የለንም» በተባለ ቁጥር ለየትኛው ነገር አቅም ተገኝቶ ለየትኛው እንደጠፋ መጠየቅ ተገቢ ነው። ያቺ እናት ድሃ ናት፤ ድህነቷ ግን ከአያት ጉርሻ እንድትጀምር ምክንያት አልሆናትም።

ቅነሳ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ባለሥልጣን ብዕር አንሥቶ ቁጥር ሲሰርዝ ነው። እንዲህ ያለው ቅነሳ ቢያንስ ይታያል፤ ስለሚታይም ክርክር ይነሣበታል። አብዛኛው ቅነሳ ግን በጸጥታ የሚፈጸም ነው፤ ፈራሚ የለውም።

አንደኛው በገበያ የሚመጣ ቅነሳ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ተሽከርካሪ ወንበር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ለዐይነ ስውራን የሚሆነው የብሬይል መጻፊያ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ለ2017 ዓ.ም. በመጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል መንግሥት በጀት 971 ቢሊዮን ብር ገደማ ሲሆን የ2018 ዓ.ም. በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኗል። የአገሪቱ በጀት በቁጥር እጥፍ ያህል ሲያድግ በአንድ ጽሕፈት ቤት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተያዘው ብር ባለበት ቢቆም ምን ይሆናል? ከውጭ ለሚገዛው ዕቃ ከግማሽ በላይ ተቆርጧል ማለት ነው። በመዝገብ ላይ ግን ቁጥሩ እንደ አምናው ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው በአደላደሉ ውስጥ ያለ ነው። በጀት በወረዳ ሲደለደል ቀድሞ የሚያዘው ደመወዝ ነው፤ ገንዘብ ያነሰ እንደሆነ የሚጠበው ሥራ ማስኬጃው ነው። ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ማስኬጃ ማለት ወረቀትና ነዳጅ ነው፤ ቢጠብም ሥራው እየተጎተተ ይሄዳል። ድጋፍ ለመስጠት በተቋቋመ ጽሕፈት ቤት ግን ሥራ ማስኬጃው ራሱ አገልግሎቱ ነው። ክራንቹ፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱ፣ የአረጋዊው የሕክምና መሳፈሪያ ከዚያው የሚወጣ ነው። በዚህ ዓይነት ሠራተኛው በወንበሩ ላይ ይገኛል፤ በከዘራ እየተደገፈ ለመጣው ባለጉዳይ የሚሰጠው ግን «በጀት የለም» የሚል መልስ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው በሰው እጅ ባለ ገንዘብ መደገፍ ነው። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥተኛ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ከወጪው ብዙው እጅ ግን የተሸፈነው በለጋሾች ነው። በኋላ ፕሮግራሙ ወደ ከተማ ሲገባ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተመረጡት 11 ከተሞች ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ተመረጠች፤ ከኦሮሚያ ደግሞ አዳማ። ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በዚያ ዝርዝር አልነበሩበትም። እንግዲህ ገንዘብ ሲያጥር ድጋፍ በከተማ ወሰን ላይ ይቆማል፤ እርጅና ግን ወሰን አያውቅም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባገደ ጊዜም በአገራችን ብዙ ሥራዎች በድንገት ቆመዋል። በሰው ገንዘብ የቆመ አገልግሎት በሰው ውሳኔ ይወድቃል።

አራተኛው ካለመቆጠር የሚመጣ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከመቶ አንድ ገደማ ሆነው ተመዘገቡ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን ለአገራችን የተሰጠው ግምት ከመቶ 17 በላይ ነው። ልዩነቱ ከአቆጣጠሩና ከአጠያየቁ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቆጣሪ ሲመጣ በጓዳ የሚደበቅ ልጅ መኖሩንም ሁላችን እናውቃለን። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ለአንድ ሰው የታሰበ እህል ለአሥራ ሰባት ሰው እንደማይበቃ ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። ሁለቱም ከቅን ሰዎች የሚሰሙ ስለሆነ አክብረን ልንመልስላቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ድሃ አገር ቅድሚያ መስጠት ያለባት ለሚያመርተው ነው፤ መንገዱና ፋብሪካው ሲስፋፋ የደካሞችም ተራ ይደርሳል» የሚል ነው። በሰበታ የሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ ሕፃናትን በአዳሪነት ሲያስተምር የኖረ ነው። ከዚያ ከወጡት መካከል መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ሆነው አገራቸውን ያገለገሉ ብዙዎች ናቸው። ያ ገንዘብ ያኔ ተቀንሶ ቢሆን ኖሮ አገሪቱ ታተርፍ የነበረው ለማኝ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ በጊዜው ያልወጣ ወጪ ቆይቶ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ይሁን እንጂ በዚህ መልስ ብቻ መርካት አንፈልግም። ሰውን ለመርዳት ምክንያታችን ነገ ማምረቱ ከሆነ፣ ነገ የማያመርተውን ምን ልንለው ነው? አልጋ ላይ የዋሉት የሰማንያ ዓመት እናት ፋብሪካ አይገቡም። አእምሮው የታመመው ወንድማችን ምናልባት ዕድሜ ልኩን ተጠባባቂ ይፈልግ ይሆናል። የእነዚህ ሰዎች ድርሻ የሚቆመው ሰው በመሆናቸው ላይ ነው። ከዚህም ሌላ አረጋውያኑ ከፍለው የጨረሱ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ካገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ አግኝቷል። አዲስ አበባን ሲቀልብ የኖረው የሰንዳፋ ገበሬ ግን ሞፈሩን በሰቀለ ማግስት የሚቆጠርለት ጡረታ የለውም። እርሱን መጦር ችሮታ አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እኛ ኢትዮጵያውያን ቤተሰብ አለን፣ ዕድር አለን፣ ምጽዋት አለን፤ ይህን ከመንግሥት መጠበቅ የሌላ አገር ልማድ ነው» የሚል ነው። በበጎ አድራጎታችን እኛም እንኮራለን። አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከየጎዳናው የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በሕዝብ መዋጮ ማኖሩ የዚህ ሕዝብ ልብ ምስክር ነው። ነገር ግን ዕድራችንን እንመልከት። በአብዛኛው የተቋቋመው ለቀብር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ገንዘቡም ሳይጓደል ይከፈላል። ያው ሰው ከመሞቱ በፊት አምስት ዓመት አልጋ ላይ ቢተኛ ግን ብዙው ዕድር የሚያዝበት ደንብ የለውም። ቤተሰብም ቢሆን የሚጦረው ካለው ነው። ራሱ በቤት ኪራይና በዘይት ዋጋ የተጨነቀ ልጅ አባቱን ቢወድ እንኳ መድኃኒቱን ሁልጊዜ መግዛት አይችልም።

ምጽዋትም ለሰጪው በረከት ነው፤ ለተቀባዩ ግን አንድ ከባድ ነገር አለበት። ነገም ለመብላት ነገም ቁስሉን ማሳየት አለበት። ዝናብ በጣለ ቀን፣ ሰው ባልመጣ ቀን፣ እርሱም ታሞ ከቤት ባልወጣ ቀን ድርሻው ይቀራል። በበጀት የተያዘ ድርሻ ግን ቁስል አሳየኝ አይልም፤ ምርቃትም አይጠይቅም። ሁላችን የምናውቀው የደጉ ሳምራዊ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ሳምራዊው ቁስሉን አስሮ አልሄደም። በእንግዶች ማረፊያ ቤት አስተኝቶ ለጠባቂው ገንዘብ ከፈለ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ርኅራኄው በዚያች ሰዓት እንዳይቀር ቤት፣ ጠባቂና ገንዘብ መደበለት። ዛሬ በጀት የምንለው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ግብርና በጀት የሚባሉት በአሠራራቸው ይህን ተረት የሚፈጽሙ ናቸው። አንድ ቤተሰብን የሚያጎብጠው የአልጋ ቁራኛ ሸክም በሚሊዮን ሰው ሲካፈል እጅግ ይቀላል። በጀቱ ሲቀነስ ሸክሙ አይጠፋም፤ ተመልሶ በአንዲት እናት ወይም ከትምህርት ቤት በቀረች አንዲት እኅት ጀርባ ላይ ይጫናል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቅነሳ ቁጠባ ብሎ መጥራት ስሕተት ይመስለናል።

ይህ ፈተና የድሃ አገር ብቻ አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ለአረጋውያን በክረምት ለቤት ማሞቂያ የሚሰጠውን ገንዘብ ለጥቂቶች ብቻ እንዲሆን በመወሰኑ 10 ሚሊዮን ያህል አረጋውያን አጥተውት ነበር። ብዙ ተቃውሞ ከተሰማ በኋላ በሰኔ 2025 ለብዙዎቹ እንዲመለስ ተደረገ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች በሚከፈለው ድጎማ ላይ ታስቦ የነበረው ማጥበቂያ የገዛ ፓርቲው የምክር ቤት አባላት ስለተቃወሙት ከረቂቁ ወጣ። ሀብታም አገርም ሲቸግረው እጁ ቀድሞ የሚሄደው ድምፃቸው ዝቅ ወዳለው ሰዎች ነው። የተወሰነ ነገርም ሰው በተናገረ ጊዜ ይመለሳል። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው በሦስተኛ ፎቅ ላለው ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አያቀርብም፤ መስማት የተሳነው ሰው አስተርጓሚ በሌለበት ስብሰባ አይከራከርም። የእነርሱ ዝምታ እንደ ስምምነት መቆጠር የለበትም።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች ምን እንላለን? ችግር ሲመጣ ቅነሳ አይኑር አንልም። የምንለው ሦስት ነገር ነው። የደካሞች ድርሻ ሲቀነስ የመጨረሻ፣ ሲመለስ የመጀመሪያ ይሁን። በብር የተወሰነ ድጋፍ ከገበያው ዋጋ ጋር በየዓመቱ ይታይ። ድርሻው ከመወሰኑ በፊትም የሚመለከታቸው ሰዎች በአካባቢያቸው ይቆጠሩ፣ በስብሰባውም ይሰሙ።

ይህን ለማለት ሥልጣን አያስፈልግም። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ድልድሉ የሚዘጋጀው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በወረዳችን ስብሰባ ላይ ተገኝተን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ስንት እንደተያዘ፣ አምና ስንት እንደነበርና ምን እንደተሠራበት በትሕትና መጠየቅ እንችላለን። በየዕድራችን ከቀብሩ ገንዘብ ጥቂቱ ለአልጋ ቁራኛ አባል እንዲውል ደንብ እንዲሻሻል ማሳሰብ እንችላለን። በየሰፈራችን ከቤት የማይወጡትን ሰዎች መዝግበን ዝርዝሩን ለሚመለከተው ማቅረብም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ዛሬ ጉልበት አለን። እርጅና ግን ዕድሜ ከሰጠን ለሁላችንም የማይቀር ነው፤ አካል ጉዳትም በአንድ የመኪና አደጋ የሚደርስ ነው። ውድ አንባብያን ሆይ፣ በመጪው ስብሰባ እንገናኝ፤ በጀቱ ሲነበብም ጆሯችንን ከፍተን እንስማ፣ አፋችንንም ከፍተን እንጠይቅ።