ያለ ሰዓቱ የነጋበት ቤት

ሕፃን ልጅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑን ገልጦ፣ ፈጽሞ ነቅቶ፣ አንዳንዴ እያለቀሰ አንዳንዴም ብቻውን እየተጫወተ ወላጆቹን ሲጠራ፣ ቤተሰቡ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት መልሰን እናስተኛው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ሦስተኛ ልጃችን ሰባተኛ ወርዋን ከያዘች ጀምሮ ለወራት ያህል ስንጠያየቀው ቆይተናል። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በስተ ኋላ ሌላ፣ ብዙም የማይነገር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ማን ይነሣ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው የዘዴ ጥያቄ ሲሆን ሁለተኛው የኅሊና ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ሁለተኛው መናገር ቢሆንም፣ ስለ መጀመሪያው የምናውቀውን ሳንናገር ብናልፍ በእንቅልፍ ማጣት የደከሙ ወላጆችን ባዶ እጃቸውን መስደድ ይሆንብናል።

ለመሆኑ «ያለ ሰዓቱ ነቃ» ስንል በማን ሰዓት ነው? በገጠር ያደግን ሁላችን እንደምናስታውሰው፣ ዶሮ ሲጮኽ ቤቱ ሁሉ ይነቃል፤ እሳት ይቆሰቆሳል፣ ላም ይታለባል፣ እንስራ ተይዞ ወደ ምንጭ ይወረዳል። በዚያ ቤት በ11 ሰዓት የሚነቃ ሕፃን ከቤተ ሰቡ ጋር ነቃ እንጂ ያለ ሰዓቱ አልነቃም። እናቱ በአንቀልባ አዝላው ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ማንም «ይህ ልጅ አስቸገረን» አይልም። ከተማ ስንገባ ግን የምንተኛበት ሰዓት ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየተገፋ ሄደ። ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ቤት ሲደረስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል፤ እራት ተበልቶ፣ ዜና ታይቶ፣ የነገ ልብስ ተተኩሶ ጎናችንን የምናሳርፈው በ5 ወይም በ6 ሰዓት ነው። ሕፃኑ ግን በ1 ሰዓት ተኝቷል። ከ1 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለውን ብንቆጥር 10 ሰዓት ሙሉ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። እንግዲህ በ11 ሰዓት የነቃ ሕፃን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሸለብ ካደረገው ድርሻውን አግኝቷል ማለት ነው። እርሱ ጠግቦ ተነሣ፤ የተራብነው እኛ ነን።

የአካል ሥርዓትም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሌሊትና ቀንን ለይቶ አያውቅም፤ ይህን መለየት የሚጀምረው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ከለየም በኋላ ቢሆን ወደ ንጋት ሲቃረብ እንቅልፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ የቀኑ ድካም አብዛኛው ወጥቶለታልና፣ በእኩለ ሌሊት የማይሰማው የበር ድምፅ ወይም በመጋረጃ ክፍተት የገባ ጥቂት ብርሃን በ10 ሰዓት ይቀሰቅሰዋል። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራረበ ሰዓት ስለምትወጣ ይህ እምብዛም አይታወቀን ይሆናል፤ በስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን በሰኔ ወር በስቶክሆልም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ስለምትወጣ ያለ ወፍራም መጋረጃ ሕፃን ማስተኛት እንደማይቻል ያውቃሉ። ስለዚህም ክፍሉን ማጨለም ይጠቅማል። ሕፃኑ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ዘሎ አለማንሣት፣ ከተነሣም መብራት ሳያበሩና ሳያጫውቱ በለሆሳስ ማባበል ይጠቅማል። በ10 ሰዓት ተኩል የነቃውን ሕፃን በ12 ሰዓት ተኩል እንደገና ማስተኛት ግን ጠንቅ አለው፤ ያ እንቅልፍ የቀን ሳይሆን የሌሊቱ ጭራ ሆኖ ስለሚቆጠር ሕፃኑ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት መንቃትን ይለምዳል። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ማታ አምሽቶ ማስተኛትም ሁልጊዜ አይረዳም፤ እጅግ የደከመ ሕፃን አንዳንዴ ይባስ ብሎ ቀድሞ ይነቃል።

እኛም ይህን ሁሉ አድርገን ልጃችን ከ10 ሰዓት ተኩል ወደ 11 ሰዓት ከሩብ ፈቀቅ አለችልን። ያተረፍነው 45 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ዘዴ አልሠራም፤ ዘዴ በቆመበት ነው እንግዲህ የኅሊናው ጥያቄ የሚጀምረው።

በሕፃን መቆጣት ይቻላልን? ቁጣ በደለኛን ይፈልጋል፤ የሚያለቅሰው ሕፃን ግን እኛ መተኛታችንን እንኳ አያውቅም። ያም ሆኖ በዚያ ሰዓት «ሆን ብላ ነው» ያላለ ወላጅ ካለ እኛ አላገኘነውም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው የመጀመሪያ መጽሐፍ የራሱን ሕፃንነት ሲመረምር፣ ገና መናገር የማይችል ሕፃን አብሮት የሚጠባውን ሌላ ሕፃን በቅናት ሲመለከት ማየቱን ጠቅሶ፣ የሕፃናት የዋህነት ያለው በአካላቸው ድካም እንጂ በልባቸው አይደለም ወደሚል ሐሳብ ያዘነብላል። ከታላቁ መምህር ጋር ልንከራከር አንነሣም። ነገር ግን ቅናት ሌላ፣ እንቅልፍ ጠግቦ መነሣት ሌላ ነው። ደግሞም አውግስጢኖስ ራሱ አዴዎዳጦስ የተባለ ልጅ አባት ነበርና ሌሊቱን ሳያውቀው አይቀርም፤ ሌሊት ማን ይነሣ እንደ ነበር ግን አልጻፈልንም። የልጁን እናት ስም እንኳ አልነገረንም።

በደለኛ ያጣ ቁጣ ባዶውን አይመለስም፤ በአቅራቢያው ወዳገኘው ሰው ይዞራል። «ማታ ቀደም ብለሽ ብታስተኛት ኖሮ»፣ «በሩን ባትዘጋው ኖሮ» የሚሉ ነገሮች በ11 ሰዓት ይጀመራሉ። ይባስ ብሎ ወደ ሕፃኑ ሊዞር ይችላል። በዚህ ረገድ ካቴኪስቶቻችን ለወጣት ወላጆች ሳይሸማቀቁ ሊነግሩት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ቁጣው እጅን ማንቀጥቀጥ ሲጀምር ሕፃኑን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ መውጣት ይገባል። አልቅሶ ቢቆይ አይጎዳም፤ ሕፃንን ይዞ መነቅነቅ ግን አንጎሉን ያደማል፤ ሕይወቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ቁጣ የተሰማው ወላጅ ክፉ ወላጅ አይደለም። የደከመ ሰው ነው።

ሕፃኑን ዝም ማሰኘት ብቻውን ዓላማ ሲሆን ወዴት እንደሚያደርስ ታሪክ አሳይቶናል። ከ1849 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው የወይዘሮ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ እናቶች በደስታ የሚገዙት መድኃኒት ነበር፤ ሕፃናቱ በእርግጥም ይተኙ ነበርና። በውስጡ የነበረው ግን ሞርፊን ነው። ብዙዎቹ ተኝተው አልተነሡም። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በ1911 እ.ኤ.አ. ሕፃናትን ከሚገድሉ ነገሮች ተራ መድቦ አወገዘው። ሽሮፑን የገዙት እናቶች ጨካኞች አልነበሩም፤ በማግሥቱ ማለዳ ፋብሪካ የሚጠብቃቸውም ነበሩባቸው። በአጠገባቸው የሚነሣላቸው ሌላ ሰው ነበረን ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ፤ ይህን የምንጽፈው በመልካም ምሳሌነት ሳይሆን ጥፋታችንን ለመናገር ነው። ልጃችን በማለዳ መንቃት በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ከሁለታችን አባት የሆነው ከእንቅልፉ ተነሥቶ «ዛሬስ ደኅና አደረች» አለ። እናቲቱ ከ10 ሰዓት ጀምሮ በሳሎኑ ውስጥ ልጅቱን ታቅፋ ስትመላለስ ነበር። አባት አልዋሸም። በእርሱ ዘንድ ሌሊቱ ሰላም ነበር፤ ሰላሙን የሠራለት ሰው እንዳለ ግን አላወቀም። ይህን ስንነጋገርበት ተጋጨን፤ ከተጋጨን በኋላም ለሁለታችንም የሚመች የመሰለንን መፍትሔ አገኘን። አብራን የምትኖረው የቤት ሠራተኛችን የ19 ዓመት ወጣት ናት፤ ጭቅጭቃችንን ሰምታ ኖሮ «እትዬ፣ እርስዎ ይተኙ፤ እኔ አለሁ፤ ለእኔ መንቃት ምንም አይደለም» አለች። እኛም አመስግነን ተቀበልን። ቤቱ ሰላም አገኘ። ሁለት ወር ሙሉ ሁለታችንም እስከ 12 ሰዓት ተኩል ተኛን።

ሠራተኛችን ማታ ማታ ትማራለች። አንድ ቅዳሜ እናቲቱ ጠረጴዛ ስታጸዳ የሒሳብ ደብተርዋን ተገልጦ አገኘችው። በገጹ መሀል አንድ ቁጥር ተጀምሮ ነበር፤ ብዕሩ ከቁጥሩ ላይ ተንሸራትቶ እስከ ገጹ ግርጌ የወረደ ረጅም መስመር ትቷል። በሌሎቹም ገጾች እንዲህ ያለ መስመር ነበረ። እየጻፈች ትተኛ እንደ ነበር ለመረዳት አዋቂ መጠየቅ አላስፈለገንም።

«ራሷ ፈቅዳ ነው» ማለት ይቻል ነበር፤ ብለንም ነበር። ነገር ግን እምቢ ማለት የማይችል ሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው? እንጀራዋና መኝታዋ በእጃችን ያለ ወጣት «ለእኔ ምንም አይደለም» ስትለን፣ ቃሉን እንደ ስጦታ ከመቀበላችን በፊት ልናመነታ ይገባን ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ቀጣሪ በቤቱ ስለሚኖር ሠራተኛ መኖሪያ፣ ምግብ፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜ እንዲያስብና ጤናውን እንዲጠብቅ ያዝዛል። ሕጉ ከብዙዎቻችን ዕድሜ በላይ ነው። በየቤታችን ስንቱን ሌሊት እንደ ገዛው ግን አንባቢ ይመርምር።

አንዳንድ ወንድሞች «ተፈጥሮ ራሷ ፈርዳለች፤ የምታጠባው እናት ናት» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በእርግጥ ብዙው በእናት ላይ ያርፋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው፤ አባትም ከዚህ በመነሣት ሌሊቱ የእርሱ እንዳልሆነ ቢያስብ አይደንቅም። ነገር ግን የሰባት ወር ሕፃን በ10 ሰዓት የምትጠራው ሁልጊዜ ለጡት አይደለም፤ ለጡት ቢሆን እንኳ ከጠባች በኋላ የሚቀረውን አንድ ሰዓት ለመያዝ ጡት አያስፈልግም፤ ጭንና ትከሻ ይበቃል። ሌሎች ደግሞ «በትዳር ውስጥ ምን ቁጥር አለ? ፍቅር አይቆጥርም» ይሉናል። እኛ እንደ ታዘብነው ግን በቤት ውስጥ የማይቆጥረው ብዙውን ጊዜ የተኛው ነው።

ስለዚህም ቆጠርን። ሠራተኛችን ከ12 ሰዓት በፊት እንዳትነሣ ነገርናት፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅር ብሏት ነበር፤ ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የአባት፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእናት ሆነ፤ እሑድን እንደየድካማችን እናየዋለን። እኩል አይደለም፤ ልጅቱ ሲያማት እናትዋን ብቻ ትፈልጋለች፤ አባትም በወር መጨረሻ የሥራ ብዛት ሲኖርበት ተራውን የሚለምንባቸው ጊዜያት አሉ። በአባት ተራ እናቲቱ ነቅታ የምትቆይበትም ጊዜ ብዙ ነው፤ ለወራት የተማረውን ጆሮ በአንድ ሳምንት ማስተኛት አልተቻለም።

አባት በመጀመሪያው ሰኞ ልጅቱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ መብራት ሳያበራ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ በዱካ ተቀመጠ። ሌሊት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ከአጥሩ ማዶ ግን ጎረቤታችን ምጣድዋን አስምታ ትጋግራለች፤ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት። የእርስዋም ልጅ ከልጃችን ጋር እኩያ ነው፤ በጀርባዋ ታዝሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የምጣዱን እንፋሎት ያያል። አምስት ዓመት በአንድ አጥር ስንኖር በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆንዋን አናውቅም ነበር። «እንዴት አደሩ፤ ምነው በዚህ ሌሊት? ልጅቱን አመማት እንዴ?» አለችው። «ኧረ ደኅና ናት፤ እንዲሁ ነቅታ ነው» አላት። «የኔውም በዚሁ ሰዓት ነው የሚነሣው፤ ምነው ቀድሞ በነገሩኝ ኖሮ» አለችና፣ ከምጣዱ የወጣውን ትኩስ እንጀራ ቆርሳ በአጥሩ ላይ አቀበለችው።