ጠርጥሮም የተመነጠረ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ጠርጥር ይላል እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አይነግረንም። ይህን ከማንም በላይ አስልተው የሚያውቁት ካርታ ተጫዋቾች ናቸው።

ገደብ በሌለው ፖከር ማንም ተራው ሲደርስ ከፊቱ ያለውን ገንዘብ በሙሉ መመደብ ይችላል። መሃል ላይ 1,000 ብር ተቀምጧል እንበል፤ ባላጋራህ 500 መደበ። ባዶ እጁን ከሆነ፣ ከሦስት ጊዜ አንዴ ካርታህን ከጣልክለት አይከስርም። አንተም 500 ከፍለህ ካርታውን ለማየት፣ ከአራት ጊዜ አንዴ እያታለለህ ከሆነ ይበቃሃል። እንግዲህ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው እየከፈለ ሲያይ፣ ጥሩ ካርታ የያዘው ይበላዋል። ከቶ የማይጠረጥረውን ደግሞ ባዶ እጁን የመጣ ሁሉ ይገፈዋል። ጎበዝ ተጫዋች ታዲያ በዘፈቀደ አያስመስልም። ከመጀመሪያው ውርርድ ጀምሮ አንድ ወጥ ታሪክ ይናገራል፤ ቀጣዩ ካርታ ሊያድነው የሚችል ነገርም ይይዛል። ከሁሉ በላይ ካርታውን ሊጥል የሚችል ሰው ይመርጣል።

በጦርነትም እንዲሁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው የጣሊያኑ ኮሎኔል የማራቬንታኖ ጦር ገና እጁን አልሰጠም ነበር። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የያዘው ኃይል ከዚያ በብዙ ያነሰ ነበር። ግን ደብዳቤ ጻፈለት፦ እኔ እንድሄድ ታዝዣለሁ፤ እጅህን ካልሰጠህ ለአርበኞቹ ትቼህ እሄዳለሁ። የኃይሉን ማነስ ሸሸገ፤ አርበኞቹ ግን በእርግጥ በዙሪያው ነበሩ። ማራቬንታኖ ግንቦት 15 ቀን እጁን ሰጠ። ቢጠረጥር እንኳ ጥርጣሬውን የሚፈትነው በሰዎቹ ሕይወት ነበር።

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ ቦታ የፈለገ ሰው የሚገጥመው ደላላ ግን ሌላ ነው። «ጋሼ፣ ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው፤ ዛሬ ካልያዙት ነገ የለም።» ሌላው ገዢ መኖር አለመኖሩን የምታውቅበት መንገድ የለህም። የቦታውን ሕጋዊነት ግን በጥቂት ድካም ማጣራት ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የከተማ ቦታም በሕግ በሊዝ የሚያዝ ነው። የእርሻ መሬት በወረቀት ውል ቆርሶ የሸጠልህ ሰው የሌለውን ነው የመደበው። እዚህ ላይ ተረቱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ ማጣራቱ ርካሽ፣ መታለሉ ውድ ነውና።

ሆኖም ጠርጥረውም የከፈሉ ብዙዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ አንገቱን ያነቀው ሰው ወረቀቱ ሙሉ እንዳልሆነ እያወቀ በእነዚህ ከተሞች የጨረቃ ቤት ሠራ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ማንም አልነካውም፤ መብራት ገባለት፤ ዕድር ገባ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች አዲስ በተቋቋመው ሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ያ ሰው አልጠረጠረም ማለት ግፍ ነው። ካርታውን ጥሎ ከጨዋታው መውጣት አልቻለም፤ መግቢያ ቤት የለውምና። ፖከር ላይ ተሸናፊ ነገ ይመለሳል፤ እሱ ግን የመደበው የልጆቹን ጣራ ነበር። ተረቱን የምንነቅፈው እዚህ ላይ ነው፦ ጥፋቱን ሁሉ በተመነጠረው ላይ ጭኖ፣ መንጣሪውንና ዝም ብሎ ያየውን ነፃ ያወጣል።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደላላውን ሳትይዙ ራሳችሁ ወደ መሬት አስተዳደር ሂዱ፤ «ዛሬ ካልሆነ» የሚላችሁን ሰው ነገ ኑ በሉት። የሸገር ከተማ የመሬት ቢሮዎችም አንድ ነገር ያድርጉ፦ ቦታው የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ለጠየቀ ሁሉ፣ ገንዘቡ ከእጁ ሳይወጣ በዚያው ቀን ይንገሩት።