ሽምግልናን አትጠብቅ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ አይቼሃለሁ። ከኪዳን ጀምረህ ቆመህ አስቀደስክ፤ መጋረጃው ተገልጦ ቆራቢዎች ሲቀርቡ ግን ወደ ኋላ አልክ። የቀረብነው የታቀፉ ሕፃናትና እኛ ሽማግሌዎች ብቻ ነን። ጎልማሳው ሁሉ እንዳንተ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ይህ ልማዳችን እንጂ ሥርዓታችን አይደለም።

አንተ እኮ ቆርበሃል። በአርባ ቀንህ ክርስትና ስትነሣ እናትህ ታቅፋህ ሥጋ ወደሙን ተቀበልክ። ያኔ በምን ሥራህ በቅተህ ነበር?

“አልበቃሁም” የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ጌታ በጸሎተ ሐሙስ ምሽት ኅብስቱን ቆርሶ የሰጠው ግን በዚያችው ሌሊት ጥለውት ለሚሸሹ ደቀ መዛሙርት ነው። ጴጥሮስ ተቀብሎ ሲያበቃ ዶሮ ሳይጮህ ካደው፤ አልቅሶም ተመለሰ።

እኔን 58 ዓመት እስኪሞላኝ ያስቀረኝ ትሕትና አልነበረም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በመሬት ድንበር ተጣልተን ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈናል። የንስሐ አባቴ ስናዘዝ ጾሙንም ስግደቱንም ሰጡኝ፤ ከሁሉ አስቀድመው ግን ወደ ወንድሜ ደጅ ላኩኝ። ስግደቱ ቀለለኝ፤ ያቺ ደጅ ከበደችኝ። ልቤን ያሸነፈው የኅብስቱ ነገር ነው። እኛ ተኝተን ሳለ ዲያቆናቱ ቤተልሔም ገብተው ስንዴውን አቡክተው ይጋግራሉ፣ ዘቢቡን ዘፍዝፈው ይጨምቃሉ። ያ ሁሉ ፍሬ አንድ ኅብስት፣ ያ ሁሉ ዘለላ አንድ ጽዋ ይሆናል። በጸሎተ ቅዳሴው ደግሞ አማናዊ ሥጋውና ደሙ ይሆናል፤ መታሰቢያ ብቻ አይደለም። ከአንዱ ኅብስት እየተካፈልኩ ወንድሜን በመንገድ ሳገኘው ፊቴን ማዞር እንደማልችል የገባኝ ይህን ሳስብ ነው፤ ሄጄም ታረቅን።

እንግዲህ የንስሐ አባት ከሌለህ ያዝ፣ ካለህም ቅረባቸው። አትሸፋፍን፤ የተሰጠህን ቀኖና ፈጽም። “ቆርቤ ብበድልስ?” ትለኛለህ። ንስሐ እኮ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የተጣላኸው ሰው ካለ ግን ለነገ አታሳድረው።

እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የምትቆርብ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረህ እህል ውሃ አትቅመስ፤ ጾሙ 18 ሰዓት ነው። ነጠላህ ንጹሕ ይሁን። ካህኑ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል ሲያቀብሉህ ተረጋጋ፤ ከዚያ ጸበሉን ጠጥተህ አፍህን ሸፈን አድርግ። ያን ቀን ወሬና ግርግር ይቅርብህ።

ወንድሜ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ለመጨረሻ ጊዜ አብረን በቆረብንበት ጠዋት፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እስከ ቤቱ ደጅ ድረስ ቀስ እያልን ሄድን።