እግሩ ስለ ተያዘ ሯጭና ስለ ባልንጀሮቹ ዕዳ የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ በመካነ ሰላም ወይም በዙሪያዋ ባለው በቦረና፥ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ ያደግህ እንደ ሆንህ፥ የቃሬዛን ነገር ልነግርህ አያስፈልገኝም። ሰው በድንገት የታመመ እንደ ሆነ፥ ወይም ከገደል ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ እንደ ሆነ፥ ቅሬው ይጠራል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እርሻውን ትቶ ይወጣል። ሁለት እንጨት ይቈረጣል፤ በመካከሉም ገመድ ይጠላለፋል፤ በሽተኛው በላዩ ተጋድሞ ጋቢ ይለብሳል። ጐበዞቹም አራት አራት እየሆኑ፥ የደከመው በብርቱው እየተተካ፥ ቍልቍለቱን ወርደው አቀበቱን ወጥተው ወደ ሐኪም ያደርሱታል። ቅሬው ሲጠራ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱንም የሚነቅፍ የለም። ይህ ልማድ ያማረ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እጠይቅሃለሁ። የተሸከምኸው ሰው ከሞት ድኖ፥ እግሩ ግን ሳይድን ወደ ቤቱ የተመለሰ እንደ ሆነ፥ በማግሥቱ ማን ይሸከመዋል? በገበያ ቀን ወደ ገበያ፥ በመስከረም ወደ ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል? ለዚህ ቅሬ አይጠራም። ሰውዬው በጓዳ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱ በዓል በመጣ ጊዜ ገብቶ «እግዜር ይማርህ» ይለዋል፤ ቀኑም በረዘመ ጊዜ የክርስትና ስሙ ይቅርና የቤት ስሙ እንኳ ተረስቶ «ያ ሽባው» ይባላል። ለአንድ ቀን የተሸከምነውን ሰው ለዕድሜው ሁሉ እንጥለዋለን። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ነገር ነው፤ ለዚህም ስሙን ሁላችሁ የምታውቁትን ሰው እንደ ምስክር እጠራለሁ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በሚባል ስፍራ በ1924 ዓ.ም. ተወለደ፤ አድጎም በክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሁሉን ቀደመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቈይቶ፥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ሁለተኛ ቀደመ። ይህን ሕፃናት እንኳ ያውቁታልና በዚህ አልዘገይም።

ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር ግን ይህ ነው። አበበ በሮም በቀደመ በስምንተኛው ቀን፥ በዚያችው በሮም ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገር የመጡ 400 ያህል ሰዎች ወደ ሜዳው ገቡ፤ እነርሱም ባለ መንኰራኵር ወንበር፥ ዛሬ ዊልቸር በምንለው፥ የሚሄዱ ነበሩ። ይህ ውድድር ኋላ ፓራሊምፒክ ለተባለው ጨዋታ የመጀመሪያው ሆነ። መሠረቱን የጣለው ሉድዊግ ጉትማን የሚባል አይሁዳዊ ሐኪም ነው፤ እርሱም ከጀርመን አገር ከናዚዎች ሸሽቶ በአውሮፓ ቍጥር በ1939 ወደ እንግሊዝ የገባ ስደተኛ ነበረ። በ1944 በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ኅብለ ሰረሰራቸው የተጐዳ ሰዎችን ማከም ጀመረ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተጐዳ ሰው ብዙ አይቈይም ተብሎ በአልጋው ላይ ይተው ነበር። ጉትማን ግን በሽተኞቹን እያገላበጠ፥ እያስቀመጠ፥ ሥራና ጨዋታ እየሰጠ አኖራቸው፤ በ1948ም የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ታማሚዎችን በሆስፒታሉ መስክ ቀስት በመወርወር አወዳደረ። ስደተኛ ሰው ነውና፥ ከደጅ መጣል ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አበበ በሮም ባሸነፈ ጊዜ ስለ እነዚያ ሰዎች ምን ሊያስብ ይችል ነበር? እግሩ የዓለም ወሬ የሆነ ሰው ነው። ነገር ግን መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት የሚነዳት መኪና ተገለበጠች፤ አካሉም ከአንገቱ በታች ታሰረ። ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ የገባበትም ሆስፒታል ያው የጉትማን ስቶክ ማንድቪል ነበረ። በዚያ ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ድሉም አደጋውም ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ፥ ያንን እንደ ተቀበለ ይህንም እንደሚቀበል ተናገረ ይባላል። ሰባኪዎች ይህን ንግግር ይወዱታል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ልብ አድርግ፤ ይህን የተናገረው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ራሱ ነው። በእግራችን የምንሄድ እኛ ቃሉን ከአፉ ወስደን ለሌላው ልንሰጠው አይገባንም። ሰው የራሱን መከራ ከእግዚአብሔር እጅ ሲቀበል ትዕግሥት ይባላል፤ የባልንጀራውን መከራ ግን «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ሲቀበልለት ስንፍና ነው፤ ስንፍናውንም በእግዚአብሔር ስም መሸፈን ኃጢአት ነው።

አበበስ በትዕግሥቱ ተቀምጦ ቀረን? አልቀረም። በ1962 ዓ.ም. በሐምሌ በዚያው በስቶክ ማንድቪል ጨዋታ ቀስት ወረወረ፤ ያ እጅ ከጥቂት ወራት በፊት ጣት ማንቀሳቀስ የተሣነው ነበረ። በ1963 ዓ.ም. በሚያዝያ ወደ ኖርዌ አገር በእንግድነት ተጠራ፤ ነገር ግን እንግዳ ሆኖ መቀመጥን እንቢ ብሎ ከሚወዳደሩት ጋር ተቈጠረ፤ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ሸርተቴም ተቀምጦ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ሌሎቹን ሁሉ ቀደመ። በረዶ የማያውቅ የሸዋ ልጅ ነው፤ ይህን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ በወንበሩ ሆኖ በታየ ጊዜ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው በመጣ ሕመም በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባም በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እንግዲህ «አበበን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ልከው አሳከሙት፤ የቦረና ልጅስ ማን አለው?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም የምፈልገው ይህን እንድትል ነው። የአበበ ልብ ጽኑ ነበረ፤ ነገር ግን ጽኑ ልብ ብቻውን ቀስት አይሆንም። ቀስቱን ያዘጋጀ ሰው ነበረ፤ ወንበሩን የሠራ ሰው ነበረ፤ መስኩን የደለደለ፥ ስሙንም ከተወዳዳሪዎች ጋር የጻፈ ሰው ነበረ። እነዚህ ባይኖሩ ያ ጽኑ ልብ በአንድ ጓዳ ውስጥ ይቀር ነበር፤ እኛም «ምስኪን፥ ድሮ ሯጭ ነበረ» እንል ነበር። በየጓዳችን ስንት ጽኑ ልብ እንደ ተቀመጠ ማን ቈጠረ?

አበበ በወንበር ማራቶን አልሮጠም፤ በሕይወቱ ሳለ ደጁ ገና አልተከፈተም ነበርና። እርሱ ካረፈ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፥ በአውሮፓ ቍጥር በ1975 በሚያዝያ ወር፥ ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ በቦስተን ማራቶን በወንበሩ እንዲገባ ለመነ። የውድድሩ አለቃም «ከሦስት ሰዓት በታች ከጨረስህ እንደ ሌሎቹ ምስክር ወረቀት እሰጥሃለሁ» አለው። በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ጨረሰ። በ1984 ማራቶን በፓራሊምፒክ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ሩጫው እንደ ቀድሞው አይደለም። የሩጫው ወንበር ሦስት እግር አለው፤ ሁለቱ ታላላቅ መንኰራኵሮች በጐንና በጐን ዘንበል ብለው ይቆማሉ፥ ሦስተኛው ትንሽ ሆኖ ወደ ፊት ርቆ ይወጣል። ሯጩ እንደ ተንበረከከ ሆኖ ደረቱን ወደ ጕልበቱ ያስጠጋል፤ ጠንካራ ጓንት ባደረገ እጁም በመንኰራኵሩ ጐን ያለውን ቀለበት ይመታል፤ ይህንም ያለ ዕረፍት በሺህ ጊዜ ይደጋግማል። ቍልቍለት ሲያገኝ እንደ መኪና ይወርዳል፤ አቀበት ሲያገኝ ግን የሰውነቱንና የወንበሩን ክብደት በክንዱ ብቻ ይጐትታል። ማርሴል ሁግ የሚባል የስዊስ ሰው በ2021 በጃፓን አገር በኦይታ ከተማ በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ47 ሰኮንድ ጨረሰ፤ ይህም አበበ በቶኪዮ ከሮጠበት በ54 ደቂቃ ያነሰ ነው። መንኰራኵርንና እግርን ማመዛዘን አይገባም፤ ነገር ግን «ሽባ» የሚለውን ቃል በአፍህ ስታነሣ ይህን ቍጥር አስብ።

አሁን የተማሪዎችን ጆሮ እሻለሁ። ታትያና ማክፋደን የምትባል ሴት በ1989 በሩሲያ አገር ከወገቧ በታች ደካማ ሆና ተወለደች፤ በሙት ልጆች ማሳደጊያም ተጣለች። ወንበር የሚገዛላት አልነበረምና እስከ ስድስት ዓመቷ ድረስ በእጆችዋ ትሄድ ነበር። አንዲት አሜሪካዊት ሴት አይታ ወደደቻትና ልጅዋ አደረገቻት። ባደገችም ጊዜ በሜሪላንድ በትምህርት ቤትዋ ከባልንጀሮችዋ ጋር ለመሮጥ ጠየቀች፤ እነርሱ ግን ባዶ በሆነ ሜዳ ብቻዋን እንድትሮጥ አደረጓት። በ2005 ከሰሰች፤ ከጓደኞችዋ ጋር ከመሮጥ በቀር ገንዘብ አልጠየቀችም፤ ተፈረደላትም፤ በ2008ም ለሌሎች ልጆች ሁሉ የሚሆን ሕግ በዚያ አገር ወጣ። በ2013 በቦስተን፥ በለንደን፥ በቺካጎና በኒው ዮርክ፥ አራቱንም ታላላቅ ማራቶን በአንድ ዓመት አሸነፈች፤ ከእርሷ በፊት ይህን ያደረገ ሯጭ፥ በእግሩም ቢሆን በወንበሩም ቢሆን፥ አልነበረም።

ያችን ልጅ በባዶ ሜዳ ላይ አስባት። ሜዳ አልከለከሏትም፤ ጓደኛ ነው የከለከሏት። በክፍልህ አንድ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ቢኖር፥ በዕረፍት ጊዜ ሁላችሁ ስትወጡ እርሱ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ደብተር ሲጠብቅላችሁ፥ ይህ ያው ባዶ ሜዳ ነው። እናንተ ወላጆችም፥ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እርግማን ነው፥ የማን ኃጢአት ነው እያላችሁ የምትሰውሩ፥ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ለጌታ እንዳቀረቡ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አንብቡ፤ እርሱም የሰውዬውንም የወላጆቹንም ኃጢአት ምክንያት ማድረግን እንቢ አለ። ዓይኗ በሚገባ የማያይላት ትዕግሥት ገዛኸኝ በ2013 ዓ.ም. አበበ ባሸነፈባት በቶኪዮ በ1500 ሜትር ቀድማ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ተሰውራ ብትቀር ኖሮ ማን ያውቃት ነበር?

ወደ ቃሬዛው እንመለስ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው ወደ ቅፍርናሆም እንደ መጡ ተጽፏል። ደጁን የዘጉባቸው እነማን ነበሩ? ወንበዴዎች አይደሉም፤ ቃሉን ሊሰሙ የመጡ ምእመናን ናቸው። ፊታቸውን ወደ ሰባኪው፥ ጀርባቸውን ወደ በሽተኛው አድርገው ቆመው ነበር። ከእነርሱም አንዱ ዘወር ብሎ መንገድ ቢለቅ ጣራ ማፍረስ ባላስፈለገ። አራቱ ግን ሸክማቸውን ከደጅ አኑረው «የድርሻችንን አድርገናል» ብለው አልተመለሱም፤ ጣራውን ቀደዱ። የእኛ ቅሬ እስከ ደጁ ያደርሳል፤ ጣራውን ግን ገና አልነካም።

ጣራ መቅደድ በመካነ ሰላም ምንድር ነው? ድንጋይ በበዛበት፥ መሬቱም ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቅበት አገር የሩጫ ወንበር አምጡ አልልም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፥ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ፥ በሐኪም ቤቱ ደጅ ከደረጃው ጐን መንኰራኵር የሚወጣበት ዘንበል ያለ መንገድ ይሠራ፤ ይህ ደግሞ ልመና አይደለም፥ የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ በሚሆን ቤት ያዘዘው ነው። ትምህርት ቤቱ ፎቅ ያለው እንደ ሆነ ያ ልጅ ያለበት ክፍል ወደ ምድር ይውረድ፤ አርባ ልጆች ደረጃ ከሚወርዱ አንድ ልጅ በጀርባ ይውጣ የሚል መምህር አይኑር። በክረምት ጭቃ ወንበሩ በሚሰጥምበት መንገድ ላይ ድንጋይ ይነጠፍ፤ በቦዩም ላይ ሰፊ ሳንቃ ይጋደም። ወንበሩ ሲሰበር የሚጠግን ብረት ሠሪ ይታሰብበት፤ አንድ ብሎን ጠፍቶ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ወንበር ከባዶ እግር አይሻልምና።

የቅሬው ዳኛ በሚመጣው ስብሰባ የአባሎችን ስም በጠራ ጊዜ፥ ከቤታቸው መውጣት ስላልቻሉ ያልመጡትን ደግሞ በየስማቸው ይጥራ፤ ለእያንዳንዳቸውም በገበያ ቀንና በትምህርት ቀን ተራ የሚገቡ አራት ሰዎች ይጻፉ፤ ተራውን የሳተም ቃሬዛ ሲጠራ እንደ ቀረ ሰው ይቀጣ።