ቪዛው ላለፈባችሁ

ልጆቼ፣ አሜሪካ በቪዛ ገብታችሁ ቀኑ ያለፈባችሁ፣ «ሥራ ፈቃድ እንዴት ላውጣ?» ከማለታችሁ በፊት አይ-94 የሚባለውን ወረቀት አውጡ። ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ለመግቢያ ነው፤ የመቆያ ጊዜያችሁ የተመዘገበው በአይ-94 ነው። በኤርፖርት ተፈትሻችሁ በሕጋዊ መንገድ ለመግባታችሁም ማስረጃችሁ እሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። በሕጋዊ መንገድ የገባና የአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛ ያለው ሰው፣ የመቆያ ጊዜው ቢያልፍም፣ ያለ ፈቃድ ቢሠራም፣ እዚያው ሆኖ ግሪን ካርድ እንዲጠይቅ ሕጉ ይፈቅድለታል። የግሪን ካርድ ማመልከቻውን አይ-485ን ሲያስገባ የሥራ ፈቃድ ማመልከቻውን አይ-765ን አብሮ ካስገባ፣ ግሪን ካርዱ እስኪወሰን የሚሠራበትን ፈቃድ መጠየቅ ይችላል።

ጋብቻው ግን የእውነት ይሁን። በገንዘብ የተገዛ ጋብቻ ከተነቃበት፣ ነገ ከልባችሁ ብታገቡም ያኛው መዝገብ በሩን ይዘጋባችኋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ናፍቆታችሁ ነው። «እናቴን አይቼ ልመለስ» ትላላችሁ፤ አንጀት ይበላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ፣ ቀኑ ካለፈበት በኋላ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣን ሰው ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየውን ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ያግዳል። ልብ በሉ፤ እገዳውን የሚቀሰቅሰው መውጣቱ ነው። ማመልከቻችሁ ገብቶ እየጠበቃችሁም ቢሆን፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳትይዙ ከወጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ እንደተዋችሁት ይቆጠራል።

ፓርኪንግም ሆነ መጋዘን ስትቀጠሩ ለመሥራት መብት እንዳላችሁ የሚረጋገጥበትን አይ-9 ፎርም ያስሞሏችኋል። እዚያ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚለው ሣጥን አለ። ጓደኛ «ዝም ብለህ ምልክት አድርግ፣ ማን ያያል?» ይላል። ያለ ፈቃድ መሥራት ለዜጋ ባል ወይም ሚስት ይቅር ሲባል አይተናል፤ በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ግን ግሪን ካርድ ለሚፈልግ ሰው ይቅርታ የለውም ማለት ይቻላል።

ጥገኝነት የምትጠይቁ ከሆነ፣ በደረሳችሁ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለባችሁ፤ ልዩ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ጊዜው ያልፋል። የሰው ታሪክ ገዝታችሁ አታቅርቡ፤ የራሳችሁ ይበቃል።

ኖታሪ ጠበቃ አይደለም፣ ምንም አማርኛ ቢናገር። በዚያች አገር በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚቆምላችሁ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀው ወኪል ነው። ያም ቢሆን ሳትፈርሙ በፊት የተጻፈውን በአማርኛ አስነብቡ፣ የእያንዳንዱን ፎርም ቅጂም ተቀበሉ። ጠበቃው ወይም ወኪሉ «አያስፈልግህም» ካላችሁ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።